የመጨረሻዋ ጀልባ ሳትነሣ፦ ለኮፕ 32 አዘጋጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ (ኮፕ 32) ዝግጅት ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን

ጉዳዩ፦ የትናንሽ ደሴታዊ አገሮችን ተሳትፎ ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፣

የ2027ቱ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንደሚካሄድ በኅዳር 2025 ከብራዚሏ ቤለም ሲሰማ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር። ተማሪዎቼን አስነሥቼ አስጨበጨብኳቸው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የዓለም ካርታ በግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ሃያ ዓመት አልፎታል። ያ ካርታ የሚያሳያቸው አገሮች በሙሉ ወደ እኛ ሊመጡ ነው መባሉ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አንድ የቆየ ትዝታ መጣብኝ። ከዓመታት በፊት ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጣና ሐይቅ በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከደቅ ደሴት የመጡ አንድ አባት ከኋላ ረድፍ ከእኔ አጠገብ ተቀምጠዋል። ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሣ እንደ ጨርቅ የለሰለሰ ወረቀት ይዘዋል፤ የጎረቤቶቻቸውን አሳብ ያስጻፉበት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ጥናት ቀረበ። ከምሳ በኋላ በጥናቱ ላይ አስተያየት ተሰጠ፤ በአስተያየቱም ላይ ሌላ አስተያየት ተሰጠ። ተራው እርሳቸው ዘንድ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው ብድግ አሉ። ወደ ደሴቱ የምትመለሰው የመጨረሻዋ ጀልባ ልትነሣ ነበር። ወረቀቱን ሰጡኝና «አንብብልኝ ልጄ» ብለውኝ ወጡ።

ተራው ሲደርስ አነበብኩላቸው። ሰብሳቢው በትሕትና አመሰገኑኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ሁለተኛም ጠየቁኝ። መመለስ አልቻልኩም። ደሴቱን አላውቀውም ነበር። ወረቀቱ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተቀመጠ፤ ስብሰባውም አለቀ።

ይህን የማነሣው የድሮ ቅሬታ ለመቀስቀስ አይደለም። በ2023 ዱባይ ላይ በዓለም ፊት የሆነውን ስመለከት እኚያን አባት ስላየኋቸው ነው። በ28ኛው ጉባኤ የመጨረሻ ቀን ሰብሳቢው መዶሻውን መትተው ውሳኔው ጸደቀ ሲሉ፣ 39 አባላት ያሉት የትናንሽ ደሴታዊ አገሮች ኅብረት ተወካዮች ገና አዳራሹ ውስጥ አልገቡም ነበር። በሌላ ክፍል ሆነው የጋራ አቋማቸውን እያስተካከሉ ነበር። የቡድኑ ዋና ተደራዳሪ የሳሞዋዋ አን ራስሙሰን በኋላ የመናገር ዕድል ሲያገኙ ውሳኔው የጸደቀው ደሴቶቹ በሌሉበት መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ውሳኔው ግን እንደ ጸደቀ ቀረ። ጭብጨባም ቢሆን ያው ለእኔ ከደረሰኝ የሰብሳቢ ምስጋና ብዙ አይለይም።

ክቡራን ሆይ፣ የምጠይቃችሁ ነገር ይህ አዲስ አበባ ላይ እንዳይደገም ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ መንገዱን ከዜሮ መፈለግ አያስፈልገንም። መንገዱን አርባ ዓመት የሄደበት መሥሪያ ቤት አለ።

ስለዚህ መሥሪያ ቤት ላስረዳ። ሙሉ ስሙ የፓስፊክ ቀጣና የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ጽሕፈት ቤት ነው፤ በአጭሩ ስፕሬፕ ይሉታል። የተጸነሰው በ1982 በኩክ ደሴቶች፣ ራሮቶንጋ ላይ በተደረገ ጉባኤ ነው። መጀመሪያ በኒው ካሌዶኒያዋ ኑሜያ ከተማ በሌላ ድርጅት ጥላ ሥር ነበር፤ በ1992 ወደ ሳሞዋ ተዛወረ፤ በ1993 አገሮቹ ራሱን የቻለ ድርጅት የሚያደርገውን ስምምነት በሳሞዋ ዋና ከተማ አፒያ ላይ ፈረሙ። ዛሬም ጽሕፈት ቤቱ ከአፒያ ወጣ ብሎ ቫይሊማ በሚባል ኮረብታማ ሥፍራ ይገኛል። ሃያ አንድ የፓስፊክ ደሴታዊ አገሮችና ግዛቶች በአባልነት ይዟል፤ እንደ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ፣ ፈረንሳይና ብሪታንያ ያሉ ትልልቆችም አብረው አሉበት።

አባሎቹ እንዴት ያሉ አገሮች እንደሆኑ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው በጣና እየለካሁ ነው። የቱቫሉ የየብስ ስፋት 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመቶ በላይ ቱቫሉዎች ጣና ሐይቅ ላይ ቢዘረጉ ቦታ አይጠባቸውም። ሕዝቧ ወደ 11 ሺህ ገደማ ነው፤ ከአንድ መለስተኛ የወረዳ ከተማ ነዋሪ ያንሳል። ኪሪባቲ ደግሞ 33 ደሴቶች አሏት፤ የደሴቶቹ አፈር ሁሉ ቢደመር ከአንድ ወረዳ ብዙ አይበልጥም፤ የተበተኑበት ባሕር ግን 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የኢትዮጵያን ቆዳ ስፋት ሦስት ጊዜ ያህል ማለት ነው። እንዲህ ያለች አገር ስንት የአየር ንብረት ባለሙያ፣ ስንት የባሕር ሕግ አዋቂ፣ ስንት የቆሻሻ አወጋገድ መሐንዲስ ልታፈራ ትችላለች? አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ጠዋት የአየር ጠባይ፣ ከሰዓት የዓሣ ሀብት፣ ማታ የውጭ ጉዳይ ሥራ ይዛ ትውላለች። ወደ ጉባኤ የምትላከውም እርሷው ናት። ጉባኤው ደግሞ በአንድ ጊዜ በብዙ ክፍሎች ይካሄዳል። እርሷ አንድ ክፍል ገብታ ስትቀመጥ በሌሎቹ ስለ አገሯ ዕጣ ያለ እርሷ ይወሰናል።

ስፕሬፕ የቆመው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። ከጉባኤ በፊት ተደራዳሪዎችን ያሠለጥናል፤ ረጃጅም ሰነዶችን አንብቦ ለአገሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ በአጭሩ ጽፎ ይሰጣል። ጉባኤው ላይ ከሌሎቹ የፓስፊክ ቀጣና ድርጅቶች ጋር አንድ ቡድን ሆኖ ከልዑካኑ ጎን ይቆማል። የደሴቶቹን ጋዜጠኞች ሳይቀር አሠልጥኖ ይዞ ይሄዳል፤ የሕዝቡ ዜና በሌላ አፍ ብቻ እንዳይነገር። «አንብብልኝ ልጄ» የተባለ ሰው ጥያቄ ሲመጣበት መልስ እንዳያጣ የሚያደርግ ሥራ ነው። ደሴቱን ያውቀዋል፤ ሪፉን፣ ማለትም ከባሕሩ ሥር ያለውን የኮራል ዐለት፣ በጭንብል ጠልቆ አይቶታል፤ የቆሻሻ መጣያውን ለክቶታል።

ለትናንሽ ደሴታዊ ታዳጊ አገሮች ብቻ የሚጠራው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በአሥር ዓመት አንዴ ገደማ ይደረጋል፤ እስካሁን አራት ጊዜ ተካሂዷል። የመጀመሪያው በ1994 ባርቤዶስ ላይ ነበር፤ ስፕሬፕን ያቋቋመው ስምምነት ከተፈረመ ገና ዓመት ሳይሞላው ማለት ነው። የባርቤዶሱ የተግባር ፕሮግራም ከዘረዘራቸው 14 ቅድሚያ የሚሰጣቸው ጉዳዮች አንዱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የቀጣና ተቋማት ናቸው። ትናንሾቹ አገሮች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያወቁት ነገር ነው፤ የገንዘብ ጥያቄያቸውን ሲያቀርቡ አብረው «የጋራ ቢሮ ያስፈልገናል» አሉ። አባቶቻችን «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ፤ እነርሱ ሃያ አንድ ሆኑ።

ሁለተኛው ጉባኤ በ2005 ሞሪሺየስ ላይ ተደረገ። ሦስተኛውን ግን ጠጋ ብለን እንየው፤ ከእኛ ሁኔታ ጋር የሚመሳሰለው እርሱ ነውና። በመስከረም 2014 ጉባኤው ወደ አፒያ መጣ። ሳሞዋ የዚያን ጊዜ ሕዝቧ ሁለት መቶ ሺህ አይሞላም ነበር። በሺህ የሚቆጠር እንግዳ ልትቀበል ነው። ዋናው የስብሰባ ቦታ የስፖርት ማዕከል ነበር፤ የተሠራውን አዳራሽ ተጠቀሙበት እንጂ ለአንድ ሳምንት ክብር አዲስ ከተማ አልገነቡም። ስፕሬፕም በዚያው ከተማ ቤቱ ስለሆነ አስተናጋጅም ተሳታፊም ሆነ።

ከዚያ ጉባኤ ለእኔ የማትረሳኝ አንዲት ታንኳ ናት። ሆኩሌአ ትባላለች። ከሃዋይ ተነሥታ ዓለምን ልትዞር የወጣች፣ ጎን ለጎን የተጣመሩ ሁለት አካሎች ያሏት፣ ያለ ዘመናዊ መሣሪያ በከዋክብትና በማዕበል አካሄድ የምትመራ ባሕላዊ ታንኳ ናት። በጉባኤው ወቅት አፒያ ደረሰች፤ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙንም ተሳፈሩባት። ለጣና ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳ የሚሠራ ሽማግሌ ዕውቀቱን የዓለም መሪ አክብሮ ሲቀመጥበት ማየት ማለት ነው።

ጉባኤው የሳሞዋ መንገድ የተባለውን ሰነድ አወጣ፤ ሦስት መቶ ገደማ የትብብር ፕሮጀክቶችም ተመዘገቡ። እውነቱን ለመናገር ይህ ቁጥር አያስደስተኝም። መመዝገብ ቀላል ነው፤ በየዓመቱ ተመልሶ «የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ነው የሚከብደው። የሚጠይቅ ቋሚ ቢሮ ባለበት ቀጣና ጥያቄው ይነሣል፤ በሌለበት ፊርማው ከፎቶግራፉ ጋር ይረሳል።

አራተኛው ጉባኤ በግንቦት 2024 በካሪቢያኗ አንቲጓና ባርቡዳ ተካሄደ፤ የሚቀጥሉትን አሥር ዓመታት የሚመራ አጀንዳም አጸደቀ። ስፕሬፕ ከፓስፊክ ተነሥቶ የዓለምን ግማሽ አቋርጦ እዚያም ተገኘ። የተገኘው ግን በግንቦት አይደለም። ከጉባኤው በፊት በነበረው ዓመት የፓስፊክ አገሮች ቶንጋ ላይ፣ የካሪቢያን አገሮች ሴንት ቪንሰንት ላይ፣ የአትላንቲክና የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ሞሪሺየስ ላይ፣ ከዚያም ሁሉም በአንድነት ኬፕ ቨርዴ ላይ ተሰብስበው ቃል በቃል ተደራድረዋል። ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው። በጉባኤው ቀን የሚታየው የተሠራው ሥራ ነው።

ስፕሬፕ ካለው ሁሉ የበለጠ የምቀናበት ማስታወስ መቻሉን ነው። ሚኒስትር ይለወጣል፤ ተደራዳሪ ጡረታ ይወጣል ወይም የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል፤ ቢሮው ግን ፋይሉን ይዞ ይቀመጣል። በ1991 ቫኑዋቱ በትናንሽ ደሴታዊ አገሮች ኅብረት ስም አንድ አሳብ አቀረበች፤ የባሕር ወለል ከፍታ ለሚያጠፋቸው አገሮች የጋራ የመድን ገንዘብ ይቋቋም አለች። ሰሚ አላገኘችም። በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ለደረሰ ጉዳትና ጥፋት የሚከፍል ፈንድ እንዲቋቋም ተወሰነ። በመካከሉ 31 ዓመት አለፈ። ያን ጊዜ አሳቡን ያረቀቁት ሰዎች ብዙዎቹ መድረኩ ላይ አልነበሩም፤ አሳቡ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ነበር። ስፕሬፕ ብቻውን ያደረገው ነገር አይደለም። ሆኖም እንደ እርሱ ያሉ የጋራ ቢሮዎች ባይኖሩ አንድ ጥያቄ ሠላሳ አንድ ዓመት በሕይወት ሊቆይ ይችል ነበር ብዬ አላምንም።

ገንዘብም አለ። ለታዳጊ አገሮች የአየር ንብረት ሥራ ገንዘብ የሚሰጠው አረንጓዴው የአየር ንብረት ፈንድ በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ዕውቅና ከሰጣቸው ሰባት ተቋማት አንዱ ስፕሬፕ ነበር፤ ከእስያ ልማት ባንክና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር በአንድ ቀን ማለት ነው። በዚያ በር ገብቶ ለቫኑዋቱ የአየር ጠባይ መረጃ አገልግሎት ገንዘብ አምጥቷል። አንዲት ትንሽ አገር ብቻዋን ያንን በር ለማስከፈት የሚጠየቀውን የሰነድ ክምር ማሟላት ምን ያህል እንደሚያደክም፣ በገንዘብ መሥሪያ ቤቶቻችን ያላችሁ ሰዎች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

እንከን የለሽ ነው ግን አልልም። ብዙው ሥራው በፕሮጀክት ገንዘብ ላይ የቆመ ነው፤ ለጋሽ ፊቱን ሲያዞር ሥራ ይጎድላል። በ2026 መጀመሪያ አሜሪካ ከድርጅቱ እንደምትወጣ አስታውቃለች። የባሕሩን ከፍታ ከፍ ባደረገው ጭስ ትልቅ ድርሻ ያላቸው አገሮች በአባልነት መቀመጣቸውም ለደሴቶቹ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ይህን የምጽፈው ልንማርበት የሚገባንን በዓይናችን አይተን እንድንወስድ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አህጉር ልምጣ። በተባበሩት መንግሥታት ዝርዝር ውስጥ ስድስት የአፍሪካ ትናንሽ ደሴታዊ ታዳጊ አገሮች አሉ፤ ኮሞሮስ፣ ሲሼልስ፣ ሞሪሺየስ፣ ኬፕ ቨርዴ፣ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ፣ እንዲሁም አብዛኛው መሬቷ ከአህጉሩ ጋር የተያያዘ ቢሆንም ብዙ ደሴቶች ያሏት ጊኒ ቢሳው። የሕንድ ውቅያኖሶቹ ሞሪሺየስ ላይ ጽሕፈት ቤት ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ኮሚሽን አላቸው፤ ከስፕሬፕ ጋር የዕድሜ እኩያ ነው፣ በ1982 የተመሠረተ። የአትላንቲኮቹ ሦስቱ የእርሱ አባላት አይደሉም። ለስድስቱም በአንድነት እንደ ስፕሬፕ ያለ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ የለም። በ2016 ማራካሽ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ለደሴታዊ አገሮች የአየር ንብረት ኮሚሽን እንዲኖር ተስማምተው ሲሼልስ እንድትመራው አደራ ሰጥተዋታል። አደራው ዛሬም የሚሠራ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ሙሉ ጊዜውን የሚሰጥ ባለሙያ ይፈልጋል።

እነዚህ አገሮች እጃቸውን ዘርግተው የሚጠብቁ አይደሉም። ሲሼልስ በ2018 በዓለም የመጀመሪያውን የመንግሥት ሰማያዊ ቦንድ (ለባሕር ሥራ ገንዘብ የሚሰበሰብበት የብድር ሰነድ) ሸጣ 15 ሚሊዮን ዶላር ለባሕሯ አሰባስባለች። በሐምሌ 2020 ዋካሺዮ የተባለች መርከብ ሞሪሺየስ ሪፍ ላይ ወጥታ አንድ ሺህ ቶን ገደማ ነዳጅ ባሕሩ ላይ ሲፈስስ፣ ሕዝቡ እርዳታ እስኪመጣ አልጠበቀም። የሸንኮራ አገዳ ገለባ በጨርቅ እየሞላ፣ እየሰፋ፣ ዘይቱን የሚያግድ ገመድ ሠርቶ ወደ ባሕር ወረደ። አያቶች ሲሰፉ፣ ልጆች ሲጎትቱ ያሳዩ ምስሎችን አይቻለሁ። ጣና ላይ እምቦጭ በእጃችን ስንነቅል የነበርን ሰዎች ያንን ምስል ስናይ የምናውቀው ነገር ነበር።

ስለ እምቦጭም አንድ ነገር ልበል። አረሙ ጣና ላይ በ2011 ከታየ ወዲህ የደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ በሰው እጅ እንጂ በራሱ አልተሻገረም። ስፕሬፕ መጤ ወራሪ ዝርያዎችን የሚከላከል፣ አገሮቹን በባለሙያ የሚያግዝ ቋሚ አገልግሎት አለው። እዚያ ከሚታገሏቸው ወራሪዎች አንዱ ከእኛው አህጉር የሄደ ነው፤ ስፓቶዲያ የሚባለው፣ በከተሞቻችን መንገድ ዳር ለጌጥ የምንተክለው ቀይ አበባ ያለው የአፍሪካ ዛፍ። ፊጂና ሳሞዋ ላይ እርሻና ደን ውጦ አስቸግሯል። እነርሱ የእኛን ዛፍ ይዋጋሉ፤ እኛ የአሜሪካን አረም እንዋጋለን። እነዚህ ሁለት ሰዎች አዲስ አበባ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ የሚነጋገሩት ይጠፋቸዋል?

ከኮሞሮስ ጋር ያለን ነገር ደግሞ ከጉባኤ በላይ ነው። በኅዳር 1996 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁን ጨርሶ ግራንድ ኮሞር ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከ175 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ ሞቱ። ካፒቴን ልዑል አባተን ጨምሮ 50 ሰዎች ተረፉ። ከተረፉት ብዙዎቹን ከውኃው ያወጡት የዳርቻው ነዋሪዎችና በአካባቢው ሆቴል የነበሩ እንግዶች ናቸው፤ ባገኙት ጀልባ ሁሉ ገብተው። የዚያች ደሴት ዳርቻ ዛሬ በባሕር እየተበላ ነው። የኮሞሮስ ልዑካን አዲስ አበባ ሲገቡ የሚቀበላቸው ሰው ይህን እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበኝ አልጋ ነው። ቤለም ላይ የሆቴል ዋጋ ሰማይ በመንካቱ የድሃና የትናንሽ አገሮች ልዑካን ቁጥራቸውን ለመቀነስ ተገደዱ፤ ብራዚል ሁለት ግዙፍ የመርከብ ሆቴሎች እስከ ማቆም ደረሰች። አዲስ አበባ መርከብ የምታስጠጋበት ወደብ የላትም። ስለዚህ ለደሴታዊና በጣም ላላደጉ አገሮች ልዑካን በታወቀ ዋጋ የሚሰጡ ክፍሎች ከአሁኑ ተለይተው ይያዙ፤ ለጉባኤው ቦታም ቅርብ ይሁኑ። አራት ሰው ይዞ የመጣ ቡድን በቀን ሦስት ሰዓት በትራፊክ ካጠፋ፣ አራቱ ሁለት ሆኑ ማለት ነው።

ቀጥሎ ዋናው ጥያቄዬ ይመጣል። ለስድስቱ የአፍሪካ ደሴታዊ አገሮች የሚሠራ አንድ የቴክኒክ ቢሮ፣ ጉባኤው ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በአፍሪካ ኅብረት ዙሪያ አዲስ አበባ ላይ ይከፈት። ትልቅ ሕንፃ አያስፈልገውም። ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛና እንግሊዝኛ የሚያነቡ ጥቂት ባለሙያዎች፣ አንድ የሕግ ሰው፣ ሰነድ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይበቁታል። የሕንድ ውቅያኖስ ኮሚሽን ልምዱን ያካፍል፤ ሦስቱ የአትላንቲክ አገሮችም ከመጀመሪያው ቀን ይግቡ። ስፕሬፕ ደግሞ ለሥልጠና ይጋበዝ። እንግዳ ሆኖ የጉባኤው ሳምንት ንግግር አድርጎ እንዲመለስ ሳይሆን፣ ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሮ እንዴት እንደሚደራጅ፣ አጭር ማብራሪያ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ሃያ አንድ አገር እንዴት በአንድ ቃል እንደሚስማማ እንዲያሳየን። ጉባኤው ሲያልቅ ቢሮው አይዘጋ። የሚያስፈልገው ከጉባኤው በኋላ ነው።

ለዚህ ቅርብ ዕድል አለ። የ2026ቱ ጉባኤ ቱርክ፣ አንታሊያ ላይ ሆኖ፣ ቅድመ ጉባኤው ፓስፊክ ላይ እንዲካሄድ ቤለም ላይ ስምምነት ተደርሷል። ከእናንተ መካከል ወጣት ባለሙያዎች ወደዚያ ይላኩ። አለቆች ብቻ አይሂዱ፤ በ2027 በየክፍሉ እየሮጡ ሥራውን የሚሠሩት ይሂዱ። ቫይሊማ ድረስ ዘልቀው እነዚያ ሰዎች ጠረጴዛቸው ላይ ምን እንዳለ ይዩ።

የመጨረሻውን ለሰብሳቢው ነው የምለው፣ ማንም ይሁኑ ማን። እነዚህ ጉባኤዎች በተያዘላቸው ቀን አያልቁም፤ ሌሊቱን አልፈው ወደ ማግስቱ ይሻገራሉ። ትልልቆቹ አገሮች ሰው ይቀያይራሉ። የደሴቶቹ ሰዎች ግን የአውሮፕላን ቲኬታቸው የተቆረጠ ነው፤ ወደ አገራቸው የሚወስደው በረራ በሳምንት ከሁለትና ከሦስት ጊዜ የማይበልጥ አለ። አየር መንገዳችን በዚያ ሳምንት የእነርሱን ቲኬት ያለ ቅጣት እንዲያራዝም ከአሁኑ ስምምነት ይደረግ። መዶሻው ከመመታቱም በፊት ሰብሳቢው የደሴቶቹን ወንበሮች ቀና ብለው ይመልከቱ። ባዶ ከሆኑ ይጠብቁ፤ ሰው ይላክና ይጠሩ።

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለተማሪዎቼ አንብቤላቸዋለሁ። አንዷ «መልስ ይሰጡዎታል?» ብላ ጠይቃኛለች። መልሳችሁ ሲደርሰኝ ለክፍሉ በሙሉ አነብላቸዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የጂኦግራፊ መምህር
ባሕር ዳር